አጸፋን ከመሬት ወደ ላይ ማንበብ፦ የጅማ ጁዶ ክለባችን የሪፕሌይ ጠረጴዛ ሥራ ማስታወሻ

መስከረም 18/2018

የክለቡ የውስጥ ውድድር፣ ከ60 ኪሎ በታች፣ ሁለተኛ ጨዋታ። ሰማያዊ ጁዶጊ (የጁዶ ልብስ) ስለሌለን አንደኛው ተጫዋች በቀበቶው ላይ ቀይ ጨርቅ ያስራል። ነጩ በኡቺ ማታ፣ የተቃዋሚን የውስጥ ጭን በእግር ሽቅብ መትቶ በመጣል፣ ገባ። ቀዩ እግሩን ሰብስቦ ዞር አለ። ተያይዘው ወደቁ፤ አቧራው ሲረግብ ከላይ ያለው ነጩ ነው። የመሐል ዳኛው እኔ ነበርኩ። ለነጩ ዋዛ አሪ፣ ከሙሉ ነጥብ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለውን፣ ሰጠሁ። ሰዓቱ ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፣ በዚያው አሸነፈ።

ቀዩ ልጅ አልተከራከረም። እጅ ነስቶ ወጣ። ጫማውን ሲያስር አጠገቡ ደረስኩ፤ "ኮች፣ እግሩ እኮ እኔን አልነካኝም" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ማታ የአንዱ ልጅ እናት በስልኳ የቀረጸችውን በቴሌግራም ላከችልኝ። ልጁ ትክክል ነው።

መስከረም 20

ቪዲዮውን እያቆምኩ አየሁት። ነጩ እግሩን ሽቅብ ሲሰድ የቀዩ ጭን እዚያ የለም፤ የመታው አየር ነው። በዚያችው ቅጽበት ቀዩ እጅጌውን ወደ ታች ስቦ ኮሌታ የያዘበትን እጅ እንደ መሪ አዞረው። ነጩ በራሱ ጉልበት ተገልብጦ በጀርባው አረፈ። ከላይ የሆነው ካረፈ በኋላ ተንከባሎ ነው።

ይህ አጸፋ (የተቃዋሚን ጥቃት በራሱ ላይ መልሶ መጣል) ኡቺ ማታ ሱካሺ ይባላል። የጃፓኑ የጁዶ ዋና ተቋም ኮዶካን ከሚቆጥራቸው 68 የመጣያ ቴክኒኮች አንዱ ነው፤ የተመደበውም ከእጅ ቴክኒኮች ጋር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው እጅ ስለሆነ። ኡቺ ማታ ጋኤሺ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ተከላካዩ የገባበትን እግር በራሱ እግር ይጠርጋል፤ ስለዚህ ምድቡ የእግር ቴክኒክ ነው። ሁለቱን የሚለየው ጥያቄ ልጁ ጫማውን እያሰረ የነገረኝ ነው፦ እግሩ ነካ ወይስ አልነካም?

ለምን እንዳላየሁት ሳስብ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ዓይን የሚከተለው የጀመረውን ነው። ነጩ ገባ፣ ሰው ወደቀ፣ ስለዚህ ነጩ ጣለ። ሁለተኛው ከልጅነት የመጣ ነው። ሜዳ ላይ ስንታገል ጠልፎ የጣለም ይሁን ተጠልፎ የተንከባለለ፣ በመጨረሻ ከላይ የተገኘው አሸናፊ ነበር። ጁዶ የሚጠይቀው ግን ስታርፍ የት እንደነበርክ ነው።

ይህ ስህተት ከእኔ እጅግ በሚበልጡ ዳኞችም ላይ ደርሷል። በሲድኒ ኦሎምፒክ (በፈረንጆች 2000) በከባድ ሚዛን ፍጻሜ የፈረንሳዩ ዳቪድ ዱዬ በኡቺ ማታ ገባ፤ የጃፓኑ ሺንኢቺ ሺኖሃራ በሱካሺ መለሰው። አንደኛው የማዕዘን ዳኛ ለሺኖሃራ ኢፖን፣ ጨዋታውን የሚዘጋውን ሙሉ ነጥብ፣ አሳየ። የመሐል ዳኛውና ሌላኛው የማዕዘን ዳኛ ግን ለዱዬ ዩኮ (ከዋዛ አሪ ያነሰ ነጥብ) ሰጡ፤ በሁለት ለአንድ ዩኮው ጸደቀ። ወርቁን ዱዬ ወሰደ። ያን ጊዜ ቆም ብሎ ቪዲዮ የሚያይ ሰው በዳኝነቱ ውስጥ አልነበረም። ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች ምንጣፉ ላይ አንድ ዳኛ ብቻ ይቆማል፤ ሌሎቹ ጠረጴዛ ላይ ሆነው ስክሪን ይከታተላሉ።

መስከረም 22

ከልምምድ በፊት ልጆቹን ሰብስቤ ውሳኔው ስህተት እንደነበር ተናገርኩ፤ በክለቡ መዝገብም አረምኩት። ጨዋታው ይደገም እንደሆነ ቀዩን ጠየቅኩት። "አይ ኮች፣ በሚቀጥለው እጥለዋለሁ" አለ።

ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ተነጋግረን ለኅዳሩ ውድድር የራሳችንን የሪፕሌይ ጠረጴዛ ልንሠራ ወሰንን። ሁለት ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የውሳኔ ወረቀት።

መስከረም 29

ግዢ። መርካቶ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ያገለገለ ስልክ በ7,200 ብር፤ መስታወቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ካሜራው ግን ጥሩ ነው፣ በሴኮንድ 120 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይቀርጻል። ባለ 64 ጊጋ ሜሞሪ ካርድ 850። ሁለት ባለ 50 ዋት ፓውዛ 2,200። ኤክስቴንሽን 650። አራት የባህር ዛፍ አጣና 480። ምስማርና ብሎን 350። ለአናጢ 600። ድምሩ 12,330 ብር። በክለቡ ካዝና የነበረው 9,000 ነው፤ የቀረውን 3,330 እኔና አሰልጣኙ እኩል ተካፈልን። ሁለተኛው ስልክ የኔ ነው፣ ላፕቶፑ የእሱ።

ጥቅምት 3

የካሜራ ማቆሚያ። አናጢው እስኪጨርስ መጠበቅ ስላልፈለግኩ ስልኩን በባለ ሦስት እግር በርጩማ ላይ በድንጋይ አስደግፌ ሞከርኩ። ማረፊያው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ጀርባ፣ ጎን፣ ሆድ ሁሉም ይለያል። ግን ዳኛው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካሜራው ፊት ሁለት እግር ይቆማል። ከሰባት ውድቀት አራቱ የተጋረዱ ናቸው።

ጥቅምት 5

አጣናው ደረሰ። ስልኩን 3 ሜትር ላይ ሰቀልኩት። አሁን ማንም አይጋርደውም፤ ዳሌና እግርም በደንብ ይታያል፤ ሱካሺን ለመለየት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ግን ከላይ ሲታይ ሁሉም ውድቀት አንድ ይመስላል። በጎን ያረፈውንና በሙሉ ጀርባ ያረፈውን መለየት አልቻልንም። ነጥቡን የሚወስነው ደግሞ ይኸው ልዩነት ነው።

ሌላ ችግር፦ ወለሉ ጣውላ ነው። ሰው በወደቀ ቁጥር አጣናው ይርገበገባል፤ በጣም የምንፈልገው ፍሬም ይደበዝዛል። አናጢው "እግሩን አታስረው፣ ክብደት ጣልበት" አለኝ። ሁለት የቡና ጆንያ አሸዋ ሞልተን እግሩ ላይ ጫንን። ርግብግቡ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በመጨረሻ ከፍ ያለውን ካሜራ አጣናውን ትተን በግድግዳው ምሰሶ ላይ አሰርነው፤ ያኔ ጸና።

ያጸደቅነው፦ አንዱ በ1.2 ሜትር፣ ሌላው በ2.5 ሜትር ከፍታ፣ በአጎራባች ጎኖች፣ በ90 ዲግሪ። ዝቅ ያለው ማረፊያን፣ ከፍ ያለው እግርንና ዳሌን ያያል። አንዱ በዳኛው ሲጋረድ ሌላው ክፍት ነው።

ጥቅምት 10

ማታ በፓውዛ ብርሃን ቀረጽን። በ120 ፍሬም ያለው ቪዲዮ ጥቁርና ነጭ ሽንትር እየሄደበት መጣ። ስልኩ የተበላሸ መሰለኝና ሻጩን ልከስ ነበር። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል የሚማር ልጃችን አይቶ ስልኩ ምንም እንዳልሆነ ነገረኝ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው፤ ርካሽ ፓውዛ በሴኮንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አያየውም፤ በ120 ፍሬም የሚሮጥ ካሜራ ግን አንዱን ፍሬም በደማቁ፣ ሌላውን በድንግዝግዙ ይይዘዋል።

ያደረግነው፦ ወደ 60 ፍሬም ወርደን በማኑዋል ሞድ ሸተሩን፣ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበትን ጊዜ፣ 1/100 ሴኮንድ ላይ ቆለፍነው። እያንዳንዱ ፍሬም አንድ ሙሉ ብልጭታ ስለሚይዝ ሽንትሩ ጠፋ። ምስሉ ትንሽ ጨለመ፤ ፓውዛዎቹን ወደ ምንጣፉ አቀረብናቸው።

60 ፍሬም ይበቃል ወይ? በ60 ፍሬም መካከል ወደ 17 ሚሊ ሴኮንድ አለ፤ በተለመደው 30 ደግሞ 33። በ30 ስንቀርጽ አንዱ ፍሬም ላይ ትከሻው አየር ላይ ነው፣ ቀጣዩ ላይ ጀርባው አርፏል፤ የመጀመሪያውን ንክኪ በልቶታል። በ60 ግን ንክኪው ያለበትን ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ አገኘነው።

ሁለቱን ቪዲዮ ማገጣጠም፦ ከጨዋታው በፊት አንድ ልጅ መሐል ቆሞ ሁለቱም ካሜራ በሚያዩት ቦታ አንዴ ያጨበጭባል። እጆቹ የተገናኙበት ፍሬም ዜሮ ነው። ላፕቶፑ ላይ በቪኤልሲ (የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም) የ«ኢ» (E) ቁልፍ በአንድ ምት አንድ ፍሬም ወደፊት ይሄዳል። ወደ ኋላ በፍሬም አይመለስም፤ ስለዚህ ካለፈብህ ሁለት ሴኮንድ ተመልሰህ እንደገና መቁጠር ነው።

ጥቅምት 12

ከካሜራው ጋር የማይገናኝ የሚመስል ነገር። ምንጣፋችን ሸራ የለበሰ ሰጋቱራ ነው። ሰጋቱራውን በርጩማ ከሚጠርቡት አናጢዎች በነጻ እናገኛለን። ልጆቹ ሁልጊዜ መሐል ላይ ስለሚወድቁ መሐሉ ረግቧል። ቪዲዮውን ሳይ በጎኑ ያረፈው ሁሉ ወደ ጉድጓዱ ተንከባሎ በጀርባው ይጨርሳል። ስንት ዋዛ አሪ ምንጣፉ በራሱ እንደሰጠ እንጃ። ሸራውን ፈትተን አምስት ጆንያ ጨመርንበት፣ እየረገጥን አስተካከልን። አንድ ሙሉ ቅዳሜ ሄደ።

ጥቅምት 19

የውሳኔ ወረቀቱ። ለእኔ የሥራው ሁሉ ልብ ይህ ነው።

የመጀመሪያው ወረቀት አምስት ጥያቄ ነበረው። አንደኛው "መጀመሪያ ያጠቃው ማን ነው?" የሚል ነበር። ከልምምድ የቀረጽናቸውን 24 ውድቀቶች ሦስት ሰው ለየብቻ ተቀምጦ ሞላ፤ እኔ፣ ዋናው አሰልጣኝና አንድ ቡናማ ቀበቶ ያለው ልጅ። በ13ቱ ብቻ ተስማማን። ያልተስማማንባቸውን ስናይ ጥፋቱ ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው። "ነጭ" ብሎ የጻፈ ሰው እስከ መጨረሻው ነጭን እየፈለገ ያያል። መስከረም ላይ የሳትኩትን ስህተት በወረቀት አትሜ አከፋፍያለሁ።

ጥቅምት 21

ወረቀቱን ገለበጥኩት። አሁን የሚጀምረው ከመሬት ነው።

መጀመሪያ የማረፊያውን ፍሬም ፈልግ፤ የማን ጀርባ ወይም ጎን ነው ምንጣፉን የነካው? ሁለቱም አንድ ላይ ካረፉና ጥርት ያለ የመጣል ሥራ ከየትኛውም ወገን ካልታየ ነጥብ የለም፤ እዚያው አቁም። ዓለም አቀፉ ደንብ እንዲህ ነው የሚለው። አንዱ ቀድሞ ካረፈ ወደ ኋላ ሂድ፤ ሚዛኑ የተሰበረው የትኛው ፍሬም ላይ ነው፣ በዚያን ጊዜ እጅጌና ኮሌታ ማን ነው የሚመራው? ከዚያ እግር ነካ አልነካም። ስሙ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማን እንደጀመረ የሚጠይቅ መስመር ጨርሶ የለም።

ከማረፊያው ፍሬም በኋላ ያለውን እንድናይ አልፈቀድኩም። ደንቡ አጸፋ የሚሰጥ ሰው ምንጣፉን ሲመታ በሚነሣው ግፊት ተጠቅሞ ሌላውን ቢገለብጥ እንደ መጣል አይቆጥረውም፤ ካረፉ በኋላ ያለው ሁሉ የመሬት ትግል፣ ኔ ዋዛ ነው። መስከረም ላይ ያሳተኝ ይኸው ነው። ልጆቹም ብዙ ጊዜ የሚያጨበጭቡለት ይህ ማገላበጥ ነው።

ነጥቡ ራሱ ለአጸፋ የተለየ ሚዛን የለውም። ፍጥነት፣ ኃይል፣ በጀርባ ማረፍ፣ እስከ ማረፊያው መጨረሻ መቆጣጠር፤ አራቱም ካሉ ኢፖን ነው። የጎደለ ካለ ወደ ዋዛ አሪ ይወርዳል፤ ሁለት ዋዛ አሪ ኢፖን ይሆናል። ዩኮ በፈረንጆች 2017 ተሰርዞ ነበር፣ በ2025 ተመልሷል፤ ወረቀቱ ላይ ቦታ ሰጥተነዋል። አጸፋ ላይ የሚከብደው አራተኛው ነው። ሱካሺ ያደረገ ልጅ ዞር ብሎ ብቻ ቢተው፣ አጥቂውም ብቻውን ቢወድቅ፣ የጣለው ማን ነው? እጁ እስከ መጨረሻው እየመራ ከሆነ ጣለ እላለሁ። ከለቀቀ አልጣለም፣ ሸሸ።

ጥቅምት 26

ስሞች ላይ ተጣልተን ዋልን። ቡናማ ቀበቶው ልጅ "ጋኤሺ ያለበት ሁሉ አጸፋ ነው" ብሎ ሱሚ ጋኤሺን ከአጸፋዎቹ ጻፈ። ቃሉ መመለስ፣ መገልበጥ ማለት ነው፤ ሱሚ ጋኤሺ ግን ራስን ወደ ኋላ እየጣሉ የሚገቡበት የራሱ ጥቃት ነው። በተቃራኒው ኡሺሮ ጎሺ ስሙ ውስጥ ጋኤሺ የለም፤ ነገር ግን ጀርባውን ሰጥቶ የገባን ሰው ከኋላ አንሥቶ መጣል ስለሆነ ዋና ሥራው አጸፋ ነው። ኡራ ናጌ ከእሱ የሚለየው ጣዩ ራሱም አብሮ ወደ ኋላ ስለሚወድቅ ነው። ሁሉንም በአንድ ስም ይጠሩ የነበሩ ልጆች ይህችን ልዩነት በፍሬም ሲያዩ ወዲያው ያዟት፤ ቆሞ ቀረ ወይስ አብሮ ወደቀ?

ከሁሉ የወደድኩት ጹባሜ ጋኤሺ ነው። ስሙ ከወፊቱ ከጨረባ የመጣ ነው። በደ አሺ ባራይ እግርህን ሊጠርግ ሲመጣ ጉልበትህን አጥፈህ ታሳልፈውና በዚያው እግር የእሱን ትጠርጋለህ። በ60 ፍሬም እንኳ ስድስት ፍሬም አይሞላም።

ዳኛ ነጥቡን እንጂ ስሙን አይጠራም፤ ታዲያ ስሙ ለምን ያስፈልጋል? ክልክሉን ለመለየት። እግሩን በእግር ጠምጥሞ ወደ ኋላ መውደቅ፣ ካዋዙ ጋኬ፣ በቀጥታ ከጨዋታ ያስወጣል፤ ጉልበት ይሰብራል። ከሩቅ ሲታይ ኦ ኡቺ ጋሪ (እግርን ከውስጥ ማጨድ) ወይም ኦሶቶ (እግርን ከውጪ ማጨድ) ይመስላል። ዋናው አሰልጣኝ ደግሞ በወጣትነቱ ለኡቺ ማታ የሚሰጠው አጸፋ ጭን ይዞ ማንሣት ነበር። እግር በእጅ መያዝ በፈረንጆች 2010 መገደብ ጀምሮ በ2013 ሙሉ በሙሉ ስለተከለከለ ያን አሁን አናስተምርም። ለልጆች ያቆምነው ሌላም አለ፤ ታኒ ኦቶሺን፣ ተቃዋሚን ወደ ኋላው መጣያውን፣ በጉልበት ጎን ላይ እየተቀመጡ መሥራት። ከኋላ እንጂ ከጎን አይሆንም።

ኅዳር 3

24ቱን ቅጂ በአዲሱ ወረቀት እንደገና ሞላን፤ በ20 ተስማማን። ቅጂዎቹን ከዚህ በፊት አይተናቸዋል፣ ስለዚህ ቁጥሩን ሙሉ በሙሉ አላምነውም፤ ግን ክርክሩ ራሱ ተለውጧል። በፊት "ነጭ ነው ቀይ ነው" እንባባል ነበር፤ አሁን "ፍሬም 41 ነው ወይስ 44" ነው።

የቀሩት አራቱ ሁሉም ኦሶቶ በኦሶቶ ላይ ናቸው። አንዱ እግሩን ከውጪ ይጠልፋል፤ ሌላው እግሩ ተጠልፎ ሳለ ራሱም መልሶ ይጠልፋል፤ ደረት ለደረት ተጋጥመው እንደ ሁለት በሬ ይገፋፋሉ። እግሩን ብታይ አትለየውም፤ ሁለቱም እግሮች አንድ ዓይነት ሥራ ላይ ናቸው። ሦስት ምሽት ከፈጀብን በኋላ ያገኘነው ምልክት ራስ ነው። የራሱ አናት ከተረከዙ ኋላ ቀድሞ ያለፈው ነው የሚወድቀው። ከፍ ያለው ካሜራ ይህን በደንብ ያያል። በዚህ ሦስቱን ፈታን። አንዱ እስካሁን አልተፈታም፤ "ነጥብ የለም" ብለን ጻፍነው።

ኅዳር 14

ውድድሩ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው አርጅቶ 50 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። ስልኮቹን በፓወር ባንክ አቆየናቸው፤ ፓውዛውን ትተን መስኮቶቹን በሙሉ ከፈትን፤ የቀን ብርሃን ከፓውዛው የተሻለ ምስል ሰጠ። ላፕቶፑን አጠራጣሪ ጉዳይ ካልመጣ በቀር ዘግተን አቆየነው።

ከሰዓት ያለ ወቅቱ ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ "ማቴ" (አቁሙ) ብዬ ስጮህ ልጆቹ አይሰሙም፤ ጠረጴዛውም አይሰማኝም። ቀድመን ስላላሰብንበት ጠረጴዛው ሊጠራኝ ሲፈልግ ቀይ ጨርቅ እንዲያውለበልብ እዚያው ተስማማን።

ስድስተኛው ጨዋታ። ቀይ በኦ ኡቺ ጋሪ ገባ፣ ገፋ፣ ሁለቱም ወደቁ። ፍጥነቱም ኃይሉም ነበረው። ለቀይ ኢፖን ሰጠሁ። ጨርቁ ተውለበለበ።

ላፕቶፑ ላይ የተቀመጠው የመስከረሙ ልጅ ነበር፤ በእሱ ምድብ ያለው ጨዋታ አልቋል። ምንም አልነገረኝም፤ እኛ የተስማማነው ጠረጴዛ ፍሬሙን ያሳያል እንጂ ውሳኔ አይናገርም ብለን ነው። የማረፊያውን ፍሬም አቆመልኝ። የቀዩ ሙሉ ጎን መሬት ላይ ነው፤ የነጩ ትከሻ ገና አየር ላይ። ወደ ኋላ ወሰደኝ። ነጩ የገባውን እግር በውስጥ እግሩ ይዞ ጠርጎታል፣ ሁለቱም እጆቹ ይዞራሉ። ኦ ኡቺ ጋኤሺ።

ወደ ምንጣፉ ተመለስኩ። አንድ እጄን ለኢፖን እንዳነሣሁት ደግሜ አንሥቼ፣ ሌላውን ከራሴ በላይ ወዲያና ወዲህ አውለበለብኩ፤ ውሳኔው ተሰርዟል። ከዚያ ለነጩ ዋዛ አሪ ሰጠሁ። በጎኑ ስላረፈ ኢፖን አልሆነም። ጨዋታው ቀጠለ፤ ቀዩ በኋላ በሴኦይ ናጌ (በትከሻ ላይ አሳልፎ በመጣል) አቻ አደረገ፣ ወደ ጎልደን ስኮር፣ ቀድሞ ነጥብ ያገኘ ወደሚያሸንፍበት ተጨማሪ ሰዓት፣ ሄዱ።

ኅዳር 16

ሂሳብና ቀሪ ሥራ። በቀኑ ጠረጴዛው አራት ጊዜ ጠራን፤ ሁለቱ ውሳኔ አስለወጡ፣ ሁለቱ አጸኑ። የመጀመሪያው እይታ 2 ደቂቃ ከ10 ሴኮንድ ወሰደ፤ ልጆቹ ቆመው ቀዘቀዙ። የመጨረሻው 45 ሴኮንድ። ዒላማችን 30 ነው። ብዙውን ሰዓት የሚበላው ፋይሉን ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ማዛወሩ ነው፤ በገመድ በቀጥታ ስክሪኑን የሚያሳይ መንገድ እንሞክራለን።

ሁለት ፓወር ባንክ ይገዛል። የላፕቶፑ ባትሪ ዋጋ ይጠየቃል። ምንጣፉ መሐል ላይ እንደገና መርገብ ጀምሯል፤ አናጢዎቹ ዘንድ ለሰጋቱራ ቅዳሜ እንሄዳለን። ያልተፈታውን የኦሶቶ ቅጂ ልጁ ወደ ቤት ይዞት ሄዷል።